አባቴን ስትሮክ መትቶት ኦክስጅኑን ነቀሉበት፤ ማሽን ገዝተን ቤት እናስገባ?

የአዘዞ ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

አባቴን ስትሮክ መታው። ዕድሜው 67 ነው፤ የደም ግፊት አለበት። ኪኒኑን አንድ ሰሞን ይውጣል፣ አንድ ሰሞን «ደህና ነኝ» ብሎ ይተወዋል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሊታጠብ ሲነሳ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። አፉም ወደ አንድ ጎን ዞረ። ጎረቤት «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሹት» ሲል እኛ ባጃጅ ጠርተን ይዘነው ሮጥን። ሲቲ ስካን ተነሳ። ደም አልፈሰሰም፣ የደም ሥር ተዘግቶ ነው ተባልን። አሁን ተኝቶ እየታከመ ነው። ይናገራል፤ ምላሱ ግን ይከብደዋል።

ጥያቄዬ የኦክስጅኑ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀን አፍንጫው ላይ አድርገውለት ነበር። በማግስቱ ነቀሉት። ለምን ብዬ ስጠይቅ ነርሷ ጣቱ ላይ የተሰካውን የደም ኦክስጅን መለኪያ አይታ «94፣ 95 በመቶ እያነበበ ነው፤ አያስፈልገውም» ብላኝ ሄደች። አጠገቡ የተኙት ሰውዬ ግን ሌት ተቀን ተሰክቶላቸዋል። ዘመድ ስለሌለን ይሆን እንዴ አልኩ በልቤ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ቪዲዮ ትልካለች። ሰው ትልቅ በርሜል የመሰለ ነገር ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ የሞተ አንጎል ይነሳል ይላል። ገንዘብ ልላክና ውጭ ውሰዱት ትላለች። ወንድሜ አዲስ አበባ ያገለገለ የኦክስጅን ማሽን የሚሸጥ ሰው አግኝቷል፤ ገዝተን ቤት እናስገባ ይላል። እናቴ ጠበል ትላለች። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ፒያሳ ሰፈር

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። 94 እኮ ዝቅተኛ ነው! በኮሮና ጊዜ ከ95 ሲወርድ ሆስፒታል ሂዱ ይባል አልነበር? ዝም አትበላቸው። እዚህ አገር ያልጮኸ አይታከምም።

ሲስተር ከማራኪ

ጩኸቱን ተወውና ተረጋጋ። ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዘመድ ስለሌላችሁ አይደለም።

ኦክስጅን እንደማንኛውም መድኃኒት ይታዘዛል፣ መጠን አለው፣ ሳያስፈልግ ሲቀር ይቆማል። ለስትሮክ ታማሚ የሚሰጠው ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲጎድል ነው። መስመሩ ላይ መመሪያዎቹ ትንሽ ይለያያሉ፤ 93፣ 94 አካባቢ ነው። አባትህ ሲገቡ ዝቅ ብሎባቸው ይሆናል፤ ወይም ሁሉም ነገር እስኪታይ ተብሎ ይሆናል። ሲነቀልላቸው ቁጥሩ ካልወረደ በቃ፣ አያስፈልጋቸውም። አጠገባችሁ ያሉት ሰውዬ የሳንባ ምች ወይም የልብ ድካም ሊኖርባቸው ይችላል። የሳቸውን ካርድ አላየህም።

ሰው ሁሉ «አንጎል ኦክስጅን አጥቶ ነው የተጎዳው፤ እንግዲያው ኦክስጅን ጨምሩለት» ይላል። ያስኬዳል። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የደም ሥሩ ሲዘጋ መሃል ያለው ቶሎ ይሞታል። ዙሪያው ግን ወዲያው አይሞትም፤ ሥራውን አቁሞ በጥቂት ደም ይቆያል። የስትሮክ ሕክምና ጥድፊያ ሁሉ እሱን ለማትረፍ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው የተዘጋው። ታንከሩ ሞልቶ ቧንቧው ከተደፈነ፣ ታንከሩ ላይ ውሃ ብትጨምር ጓሮው አይጠጣም። ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። 95 የሚያነብ ሰው ቀይ የደም ሴሉ ኦክስጅኑን ከሞላ ጎደል ጠግቧል። ከዚያ በላይ የምትጨምረው ደሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ጥቂት ነው።

ደግሞ በደንብ ተሞክሯል። እንግሊዝ ውስጥ በ136 ሆስፒታሎች፣ 8003 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ። አንዱ ቡድን 3 ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ በደቂቃ 2 ወይም 3 ሊትር ተሰጠው። ሁለተኛው ለ3 ሌሊት ማታ ማታ ብቻ። ሦስተኛው ካላስፈለገው በቀር ምንም። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከ3 ወር በኋላ በሞትም፣ ራስን ችሎ በመኖርም ልዩነት አልተገኘም።

ፒያሳ ሰፈር

እሺ ሲስተር፣ ካልጎዳ ቢሰጠውስ? ለመተማመኛ።

ሲስተር ከማራኪ

አይጎዳም ያለህ ማን ነው? ኦክስጅን ሲበዛ የአንጎል የደም ሥር ይጠባል። በ2018 እ.ኤ.አ. 25 ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ታዩ፤ ከ16 ሺህ በላይ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ናቸው፣ የስትሮክ ብቻ አይደሉም። በገፍ ኦክስጅን የተሰጣቸው በልክ ከተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሞተዋል። ቱቦውም በሽተኛውን አልጋ ላይ ያስረዋል፣ አፍንጫ ያደርቃል፣ ያቆስላል። «ለመተማመኛ» የአስታማሚ መድኃኒት ነው።

የደባርቅ ሰው

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ። እናቴ ደባርቅ ናት፣ ጤነኛ ናት። ጣት ላይ የሚሰካውን ገዝቼላት 92፣ 93 ይላል። ልደንግጥ?

ሬዚደንቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚህ ሁሉ ውይይት ግማሹ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የትም 21 በመቶ ነው፤ ግን ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ጤነኛ ሰው 94፣ 95 ቢያነብ አያስደንቅም። ደባርቅ ላይ ደግሞ ዝቅ ይላል። «98 ካልሆነ ታሟል» የሚለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ካሉ አገሮች የመጣ ነው። እናትህ ደህና ከሆኑ፣ ደረጃ ሲወጡ ካልታፈኑ፣ ቁጥሩም ዛሬ ከትናንቱ ካልወረደ አትደንግጥ። ከዚህ በፊት ታይተው ካላወቁ ግን ወደ ሐኪም ሲሄዱ ይንገሩ።

መሣሪያውም ይዋሻል። እጅ ሲቀዘቅዝ ይዋሻል፣ ጥፍር ሲቀለም ይዋሻል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አንመለከትም፤ ሰውየው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ አንገቱ እንደሚሳብ እናያለን።

የሲያትሏ

የጠያቂው እህት ነኝ። ሊንኩን ወንድሜ ላከልኝ። አክብሬያችሁ ነው የምጽፈው፤ ግን እናንተ የምትሉት ስለ ተራ ኦክስጅን ነው። እኔ የላክሁት በግፊት የሚሰጠውን ነው። እዚህ በየሰፈሩ አለ። ሰዎች ከስትሮክ በኋላ ገብተው መራመድ ጀመሩ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ ነው፤ ገንዘቡ አይገደኝም። ምንም አይረዳም ብላችሁ ልትነግሩኝ ነው?

ሬዚደንቱ

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ግልጹን ልንገርሽ።

በግፊት ኦክስጅን የሚሰጥበት ያ በርሜል የመሰለ ክፍል እውነተኛ ሕክምና ነው። ጠላቂ ዋናተኛ በፍጥነት ወጥቶ ደሙ ውስጥ አረፋ ሲፈጠር፣ በከሰል ጭስ የተመረዘ ሰው፣ አልድን ያለ የስኳር ቁስል፤ ለእነዚህ ይሠራበታል። ግፊቱ ከፍ ሲል ኦክስጅኑ ደሙ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ሲስተር ያለችው የታንከር ነገር እዚያ በከፊል ይቀየራል። ሰው ተስፋ ያደረገውም ለዚህ ነው።

ስትሮክ ላይ ግን አልሠመረም። በ2014 እ.ኤ.አ. በድንገተኛ ስትሮክ ላይ የተሠሩ 11 ጥናቶች ተገመገሙ፤ በድምሩ 705 ሰዎች ናቸው። ሞትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በ2013 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ የተሠራውን ነው። 74 ሰዎች ናቸው፤ ስትሮኩ ከመታቸው ወራት ያለፋቸው። ከተራው የአየር ግፊት እጥፍ በሆነ ግፊት፣ 90 ደቂቃ፣ 40 ጊዜ ገቡ። መሻሻል ታየባቸው። ነገር ግን የንጽጽሩ ቡድን በማስመሰያ ክፍል ውስጥ አልገባም፤ ማን እንደታከመ ታማሚውም ያውቀዋል። 40 ቀን እየተመላለሰ ሰው ሲያገኝ፣ ሲንቀሳቀስ፣ ሲበረታታ የሚሻሻል ሰው ስንት ነው? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም ለስትሮክ ፈቃድ አልሰጠውም። በየሰፈርሽ መኖሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ጆሮ ይጎዳል፣ አልፎ አልፎም ያንዘፈዝፋል። በዚያ ላይ ገና በሳምንቱ ታማሚን አውሮፕላን ላይ መጫን አለ።

በዘርፉ አዲስ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ቻይና ውስጥ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። 282 ታማሚዎች ናቸው፤ ትልቅ የአንጎል የደም ሥር የተዘጋባቸውና በቀጭን ቱቦ ገብተው የረጋውን ደም ጎትተው የሚያወጡላቸው። ለግማሾቹ በጭምብል፣ በደቂቃ 10 ሊትር ለ4 ሰዓት ሰጧቸው። ለሌሎቹ ለማስመሰል 1 ሊትር። በ90 ቀናቸው 10 ሊትር ያገኙት የተሻሉ ሆኑ። ነገሩን ልብ በይ፤ ኦክስጅኑ ብቻውን አይደለም። ቧንቧው እስኪከፈት ድረስ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ ቧንቧው ይከፈታል። ከሳምንት በኋላ የሚገዛ ጊዜ የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ስሌት፣ ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴል ይሞታል። የረጋ ደም የሚያሟሟውም መርፌ ባብዛኛው ስትሮኩ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው የሚሰጠው።

የሲያትሏ

ተረዳሁ። ደስ አላለኝም፤ ግን ተረዳሁ። ታዲያ ገንዘቡን ምን ላይ ላውል?

ቀበሌ 14

ይቅርታ፣ እኔ ይሄ ሁሉ ጥናት አይዋጥልኝም። አጎቴ ታሞ አንድ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሌሊት ሲሊንደሩ አለቀ። እኛ አስታማሚዎች ከዋርድ ዋርድ እየዞርን ሲሊንደር ስንገፋ አደርን። ጠዋት «ኦክስጅን ለሁሉም አያስፈልግም» የሚል ነገር ተነገረን። ሲጠፋ ነው ወይስ እውነት የማያስፈልገው? ለድሃ ሲሆን ጥናት ይጠቀሳል።

ሬዚደንቱ

ቁጣህ ልክ ነው። ሁለቱን ነገር ግን አንለያቸው ብንል እንጎዳለን። 85 የሚያነብ ሰው ኦክስጅን አጥቶ ማደሩ ወንጀል ነው የምለው። 95 የሚያነበው ደግሞ ሲሰጠው የሚባክነው ለዚያ ለ85ቱ የሚሆነው ነው። አጎትህ ስንት ያነቡ ነበር?

ቀበሌ 14

80ዎቹ ውስጥ። የሳንባ ምች ይዞት ነበር።

ሬዚደንቱ

እንግዲያው የሚገባቸውን ነው ያጡት። ነፍስ ይማር።

ባዮሜድ

ስለ ማሽኑ እኔ ልናገር፤ እንጀራዬ ነው።

ወንድምህ ሊገዛው ያሰበው ማሽን፣ ኮንሰንትሬተር የሚባለው፣ ኦክስጅን ራሱ አይፈጥርም። ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ነገር ያጣራና ኦክስጅኑን ያወጣል። ደህና ማሽን 93 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። ያገለገለ ማሽን ድምፁ ያው ነው፣ አረፋውም ያው ይንቦጨቦጫል፤ ዚዮላይቱ እርጥበት ገብቶበት ከሆነ ግን የሚወጣው ከተራ አየር ብዙም አይሻል። ይህ በዓይን አይታይም፤ መለኪያ ይፈልጋል። የሚሸጠውን ሰው «በስንት በመቶ ነው የሚያወጣው፣ ለካልኝ» በሉት። ዝም ካለ እናንተም ዝም ብላችሁ ውጡ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይጠፋል። አዘዞ ላለ ሰው ይህን እኔ አልነግረውም።

ትልቁ ነገር ግን እሳት ነው። እኛ ቤት በሽተኛ ካለ ጠያቂ አለ፣ ጠያቂ ካለ ቡና አለ፣ ቡና ካለ ከሰል አለ፣ ዕጣን አለ። ማታ ጧፍ አለ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያጋግለዋል። ቱቦው ብርድ ልብስ ውስጥ ተወሽቆ ሲያፈስ ብርድ ልብሱ ኦክስጅን ይጠጣል። አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ማሽኑ ያለበት ክፍል ምድጃ አይገባም፣ ጧፍም አይበራም።

ማሽን ባይኖርም ከሰሉን ከበሽተኛው ክፍል አውጡት። በሩ ተዘግቶ የሚጨስ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እሱ ቀይ የደም ሴሉ ላይ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ደግሞ አይለየውም፤ ሰውየው እየተመረዘ 98 ብሎ ያሳይሃል።

የአዘዞ ልጅ

ወይ ጉድ። እናቴ ሲወጣ የሚተኛበትን ክፍል በከሰል እያሞቀች ልትጠብቀው ነበር ያሰበችው።

ሲስተር ከማራኪ

የአዘዞ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ልጠይቅህ የነበረ ነገር አለ። አባትህ ሲጠጡ ያስላቸዋል? ድምፃቸው ይረጥባል፣ ጉሮሯቸው ውሃ እንደያዘ?

የአዘዞ ልጅ

አዎ! እናቴ አጥሚት በኩባያ ስትሰጠው ይስላል። ተኝቶ ነው የምትሰጠው፤ ቀና ስናደርገው ይደክመዋል ትላለች። ጠበሉንም በማንኪያ ታደርግለታለች። ጉንጩ ውስጥ ምግብ ይቀራል በግራ በኩል።

ሲስተር ከማራኪ

አሁኑኑ አቁሙ። ለነርሷ «መዋጥ ይፈተንልን» በሏት። የአባትህ የኦክስጅን ጉዳይ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሊሰንፍ ይችላል። አጥሚቱ ወደ ሆድ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከዚያ የሳንባ ምች ነው። ያኔ ዛሬ 95 ያለው 84 ይላል፤ ያኔ ኦክስጅን በእርግጥ ያስፈልጋል፤ የቆሰለው አንጎል ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

እስኪፈተኑ ድረስ በአፍ ምንም የለም፤ ውሃም ቢሆን፣ ኪኒንም ቢሆን። ካለፉ፦ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ይቀመጡ፣ አገጫቸው ወደ ደረት ጎንበስ ይበል፣ በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው ጎን። ዋጡ ወይ ብለህ ጉንጫቸውን በዓይንህ አይ። ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይበሉ። ወፍራም ገንፎ ከቀጭን አጥሚት ይልቅ ለአንዳንዱ ይቀላል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚፈትኑት ይነግሯችኋል። ካላለፉ ለጊዜው በአፍንጫ ቱቦ ይመገባሉ። እናታችሁ ቱቦውን አይተው እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ዲያቆን ነኝ

ስለ ጠበሉ፣ እናታችን አይጨነቁ። ግንባራቸውን ማስነካት፣ መርጨት፣ መቀባት አለ፤ መጠጣት ብቻ አይደለም። ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ጠጣ የሚል አባት አላውቅም። መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።

የአዘዞ ልጅ (ሐሙስ)

ተፈተነ። ነርሷ ውሃ በማንኪያ ሰጥታው ጉሮሮውን በጣቷ ይዛ አዳመጠች። በሁለተኛው ማንኪያ ሳለና ድምፁ ረጠበ። ቱቦ ገባለት። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ጠበሉን ግንባሩና ደረቱ ላይ ቀባችው፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» አለ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ለእህቴ ጥያቄ መልስ ያላችሁ?

ሬዚደንቱ

ለእህትህ፦ የደም ግፊት መለኪያ ግዙ፣ የክንድ እንጂ የእጅ አንጓ አይሁን። የግፊቱ ኪኒን፣ አስፒሪኑና የኮሌስትሮሉ ሳይቋረጥ የሚገዛበት ገንዘብ ይመደብ። የልብ ምርመራ ይሠራላቸው፤ ልብ ምቷ ከተዛባ ወይም ቫልቯ ከታመመ ሌላ ስትሮክ ከዚያ ሊነሳ ይችላል፤ መድኃኒቱም ይለወጣል። እኛ አገር በልጅነት የያዘው የቫልቭ በሽታ ብዙ ወጣት በስትሮክ ይጥላል። ግፊቱን ግን በራሳችሁ ቶሎ ለማውረድ አትሞክሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝቅ ሲል ያ ሲስተር ያለችው፣ በሞተው ዙሪያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም ያጣል።

የቀረው በሙሉ ለፊዚዮቴራፒ ነው። በግፊት ክፍል 40 ጊዜ ከመግባት 40 ጊዜ ፊዚዮ ይሻላል።

ታናሽ ወንድሙ

ማሽኑን ላገኝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬውን «ለካልኝ» አልኩት። «ወንድሜ፣ ሲሠራ እያየኸው?» አለኝ። ተውኩት።

ባዮሜድ

ተገላገልክ።

የሲያትሏ

የግፊት መለኪያውን ሰው አግኝቼ ልኬዋለሁ። ፊዚዮውን በየሳምንቱ እኔ እከፍላለሁ። ሲስተር፣ እጁን እኛ ማንቀሳቀስ እንችላለን ወይ? ወንድሞቼ ሲያነሱት ብብቱን ይዘው ነው የሚጎትቱት።

ሲስተር ከማራኪ

ብብት ይዞ መጎተት የለም፤ የሰነፈው ትከሻ ይወልቃል፣ ለወራት ያማል። አንዱ ከኋላ ወገባቸውን ይያዝ፣ አንዱ ጉልበታቸውን ይደግፍ። ሲቀመጡ ግራ እጃቸው እንዳይንጠለጠል ትራስ ላይ ይቀመጥ። ጣቶቹን ቀስ እያላችሁ ዘርጉ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ በግራቸው በኩል ይቀመጥላቸው፤ ወደዚያ ዞረው እንዲያወሩ።